ነጩ ዱቄት በነጭ ዓባይ ላይ

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ

ፈጅር ሰግጄ ሱቄን ስከፍት ገበያው ገና ዓይኑን እያሸ ነው። የቦዳቦዳ ልጆች ሞተራቸው ላይ ተጋድመው ያንጎላጃሉ፣ ሻይ ሻጯ ከሰሏን ታራግባለች፣ ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አላቁጦታል። ግንቦት 2006 ነው። ከተማው ውስጥ ኮሌራ ገብቷል፤ እጅ ለእጅ ካልተጨባበጠ ሰላም ያለ የማይመስለው የጁባ ሰው እንኳ እጁን ኪሱ ከትቶ በአገጩ ሰላም ማለት ጀምሯል።

እኔ እዚህ ገበያ ሳሙናና የጽዳት ዕቃ በጅምላ እሸጣለሁ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አብዱልከሪም ነው፤ ገበያው ግን አቡ ሳቡን፣ የሳሙና አባት፣ ይለኛል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ኮንዮ ኮንዮ ግን ስም የሚያወጣው ተሸካሚ ነው፣ መልአክ እዚህ ጭቃ ውስጥ ምን ሊሠራ ይመጣል።

ዛሬ የምጭነው ሳሙና አይደለም። በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል የታሸገ የክሎሪን ዱቄት ነው። ቤታችሁ ያለውን በረኪና ታውቁት የለ? ይሄ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ያውም ግልፍተኛው። ጥቂቱ አንድ ሮቶ ሙሉ ውሃ ያጸዳል። ጭነቱ የሚሄደው በወንዝ ወደ ሚንካማን ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ከቦር ከተማ ወንዙን ተሻግረው የሸሹ ሰዎች ወደ ሰፈሩበት ዳርቻ። እዚያ ያለው ክሎሪን ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት ከመጣ ሰንብቷል። ካለቀ ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በዚህ ወቅት የወንዝ ውሃ መጠጣት ምን እንደሚያመጣ ጁባ ላይ እያየን ነው።

አቾል ከቶንፒንግ ሰፈር በመኪና ደረሰች። ዱቄቱን ከእኔ የገዛው የውሃ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ጭነቱን ይዛ የምትሄደውም እሷ ነች። እኔ ደግሞ ዕቃውን ደረቅ አድርጌ ላስረክብ ቃል ስለገባሁ አብሬ እሄዳለሁ። አቾል የዲንካ ልጅ ናት፣ ግን ልጅነቷ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ፣ ትምህርቷ አዲስ አበባ ነው። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ስትቆጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል።

ተሸካሚዎቹ በርሜሎቹን ከበው ቆሙ። አንዱ በጣቱ ነካ አድርጎ፣

"ደ ሹኑ?" አለ። ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው።

"ዳዋ ታ ሞያ" አልኩት። የውሃ መድኃኒት። የሁሉም ፊት ፈታ አለ፣ በርሜሉም ትከሻ ላይ ወጣ። አቾል ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ለምን መድኃኒት አልካቸው?"

"ታዲያ ምን ልበላቸው? ገበያው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኛስ በአማርኛ የውሃ መድኃኒት አይደል የምንለው?"

"እኛማ የአይጥ መድኃኒትም እንላለን። ድና የሄደች አይጥ አይተህ ታውቃለህ?"

ሳቅኩ። ጊዜ የለንም ብዬ ተሸካሚዎቹን አጣደፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፤ የጁባ ወደብ

ወደቡ ላይ ባርጆች ጎን ለጎን ታስረዋል። ወዛደሮች የማሽላ ጆንያ ተሸክመው በቀጭን ሳንቃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ሳንቃው እንደ ማጭድ ይጎብጣል። የተጠበሰ ዓሣ፣ የናፍጣና የበሰበሰ ማንጎ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ወንዙ ቡናማ ነው፤ ከላይ የተገነጠሉ የሣር ደሴቶች እየተንሳፈፉ ያልፋሉ።

የእኛ ጀልባ የብረት ናት፣ ግማሿ ጣሪያ አላት። አዛዡን ረይስ ማቢዮር እንለዋለን፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን ወንዙን የሚያይ የቦር ሰው ነው። በታኅሣሥ ቤቱም ከብቱም ጠፍቶ የቀረችው ይቺ ጀልባ ብቻ ናት። እናቱና ትንሽ ሴት ልጁ ሚንካማን ናቸው።

"ይሄ ከሚገባበት ቧንቧ ነው የሚጠጡት" አለኝ በርሜሎቹን እያየ። "ቶሎ እንሂድ።"

ቶሎ ግን አልሄድንም፣ አቾል አለቻ። የናፍጣ በርሜሎቹ ወደ ኋላ፣ ክሎሪኑ ወደ ፊት። ክሎሪኑ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፍለታል፣ ውሃ ቢገባ እንዳይነካው። ከላይ ሸራ ይለብሳል፣ ግን አየር እንዲያገኝ ጎኑ ክፍት ይሁን። በመሃል የቤት ክዳን ቆርቆሮና ባዶ ባልዲ ብቻ። እኔ ሚንካማን ላለ ደንበኛዬ ብዬ ያመጣሁትን የምግብ ዘይት ስታይ ደግሞ ቆመች።

"ይሄ አይገባም።"

"አቾል፣ እህቴ፣ ዘይት እኮ ነው! ቦምብ አደረግሽው።"

"ዘይትና ይሄ ዱቄት እሳትና ጭድ ናቸው። ክብሪት እንኳ አያስፈልጋቸውም።"

ዘይቴ ወደብ ላይ ቀረ። ተናድጄ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ሲጋራ ተከለከለ፣ ቀጥሎ ከሰል ማንደጃው ከጀልባዋ ወረደ። በዚህ የጀልባዋ ወጥ ሠሪ ማማ ሮዛ ክፉኛ ተቀየሙ። ማማ ሮዛ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሳቸው የማይደክም የባሪ ጎሳ ሴት ናቸው። ዘይቷ ያለቀውን ትልቋን ጣሳቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው፣

"ካልተቀቀለ እኔ እዚህ ምን ልሥራ? ልዋኝላችሁ?" አሉ።

በመጨረሻ አንድ በርሜል ከወዛደሮቹ እጅ አምልጦ ወደቀና ክዳኑ ተሰነጠቀ። ነጭ ዱቄት ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ሽታው አፍንጫችንን ቀረጠፈው። አቾል ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋ ዱቄቱን በደረቅ መጥረጊያ ሰብስባ ደረቅ ባልዲ ውስጥ አደረገች። የተሰነጠቀው በርሜል ወደ ወደቡ መጋዘን ተመለሰ። ባልዲውን ይዛ ልትወርድ ስትል የወደቡ ወታደር ለፍተሻ ጠራት፤ ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እሱም ያው ነው፣ ወደ ባልዲው እየጠቆመ "ደ ሹኑ?" አለ። ጀልባ ላይ ያለን ሁሉ በአንድ ድምፅ "ዳዋ!" አልን። ወታደሩ እጁን አወዛወዘ፤ ባልዲው ወረደ፣ ገመዱ ተፈታ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፤ ከሞንጋላ ወዲያ

ቢስሚላህ ብለን ወንዙን ይዘን ወረድን። ከጁባ ሲወጡ ቤቱ እየሳሳ፣ ሸምበቆው እየበዛ ይሄዳል። በአንድ ግንድ የተቦረቦረ ታንኳ ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይወረውራል፣ ነጫጭ ወፎች በሣር ደሴት ላይ ተሳፍረው በነፃ ይጓዛሉ። ምሳችን ዳቦና የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። ማማ ሮዛ የሰው ጥፋት እንደሆነ በሚያስታውቅ ሁኔታ ነው የቀቡልን። ሞንጋላ ላይ ለፍተሻ ቆመን ማንጎ ገዛን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ወረደ፣ ኩርፊያውም በዚያው ቀለለ።

ሞንጋላን አልፈን ሙቀቱ ሲበረታ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ታጥቦ ያልደረቀ የሆስፒታል ወለል ዓይነት ሽታ። አቾል ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ ወደ ፊት ሮጣ ሸራውን ገለጠች። ክዳኖቹ ሁሉ እንደታሸጉ ናቸው።

"ከኋላ ነው" አለች።

ከኋላ ማማ ሮዛ ምንጣፋቸው ላይ፣ የናፍጣ በርሜል ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኛ ዞር ስንል እሳቸው ጮኸው ብድግ አሉ። ከምንጣፉ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ገፈፉት። ያቺ የዘይት ጣሳ ናት፣ ክዳኗ እየተንቀጠቀጠ ውስጧ ይንሸከሸካል።

እኔ በእጄ የገባውን የውሃ ጆግ አነሳሁ።

"አብዱ፣ ውሃ እንዳታፈስ!" አለች አቾል። "ትንሽ ውሃ ይብሰዋል! ሁላችሁም ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን!"

ማቢዮር አልጠየቀም። ጀልባዋን ከዳር የሚገፋበትን ረጅም ዘንግ አንስቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጣሳዋን ገፋት። ወለሉን እየፋቀች ሄደች፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ክዳኗ ተፈናጠረ፣ ብጫ ነበልባል ምላሱን አወጣ። አንዴ ደግሞ ገፋት። ጭሽሽ ብላ ሰጠመች። በጆግ ውሃ ይብስበት የነበረው ነገር ነጭ ዓባይ ውስጥ ሲገባ እንኳን ሊብስ ሳይግደረደር ጠፋ።

ምንጣፉ ላይ የጣሳዋ ቅርጽ ያለው ጥቁር ቀዳዳ ቀርቷል። ከቀዳዳው እስከ ናፍጣው ክንዴን ብዘረጋ እደርሳለሁ።

ማቢዮር ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ ራሷን ለወንዙ ሰጥታ ተንሳፈፈች።

"ማማ፣ ምን ነበር ያለው?" አላቸው።

ማማ ሮዛ እያለቀሱ ተናገሩ። አቾልን ወታደሩ ሲጠራት ከባልዲው አንድ ኩባያ ወስደዋል። ጁባ ላይ የልጅ ልጆች አሏቸው፣ ጎረቤታቸው ኮሌራ ይዞታል፣ እዚህ ደግሞ መድኃኒት መሬት ላይ ፈስሶ አዩ። መድኃኒት እንዴት ይጣላል?

"ዝገት እንዳይነካብኝ ብዬ" አሉ፣ "የጣሳዋን ውስጥ በደንብ አድርጌ ዘይት ቀባሁት።"

ማንም አልተቆጣቸውም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ ዳዋ ያልኩት እኔ ነኛ።

ማክሰኞ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፤ ተረከካ

ተረከካ የሙንዳሪዎች አገር ነው። ቀንዳቸው ሰማይ የሚወጋ ከብቶች ወደ በረታቸው ይገባሉ፤ አመድ የተቀቡ ጎረምሶች የትንኝ መከላከያ ብለው ኩበት ያጨሳሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ ባየሁ። ዛሬ ግን ጭስ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ በርሜሎቹ ይሄዳል። ማቢዮር ጀልባዋን ከበረቶቹ ራቅ አድርጎ፣ ጭሱ በማይደርስበት በኩል አሰረ።

"በርሜሎቹን እዚህ አውርዱ" አለ። "እኔ ወደ ጁባ እመለሳለሁ።"

"ከዚህ ማን ይወስደዋል?" አልኩ። "ዝናብ ቢመጣስ? ሚንካማን እኮ እየጠበቀ ነው!"

"ሚንካማን እንደሚጠብቅ ለእኔ ትነግረኛለህ? እናቴ እዚያ ናት። ጀልባዋ ከተቃጠለች ግን ለእናቴ ውሃም እህልም የሚወስድላት የለም። መድኃኒት ነው አላችሁኝ። እኔ መድኃኒት ነው ብዬ ነው የጫንኩት።"

አቾል አልተከራከረችም። ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሁሉም በሚገባው በጁባ ዓረብኛ የዱቄቱን አመል አስረዳች። እርጥበት ያሞቀዋል። ዘይት፣ ናፍጣ፣ ጆንያ፣ ቅባት የነካው ጨርቅ ያነደዋል። ሲሞቅ የሚያወጣው ጢስ ሳንባ ይጎዳል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ነፋሱ ጢሱን ወደ አንተ እንዳይነዳው ቦታህን እወቅ፤ ነፋሱ በመጣበት በኩል ቁም። የረጠበ በርሜል አይታሸግም፣ ይፈነዳል። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ለብቻው ከተቀመጠ ግን እስከ ፈለግህበት አብሮህ ይሄዳል።

ማቢዮር ጨርሶ ሰማት። ከዚያ፣

"እሺ። ስሙ ማነው? ትክክለኛ ስሙ" አለ።

አቾል "ካልሲየም" ብላ ልትጀምር ስትል ማማ ሮዛ አቋረጧት።

"ናር ነው። ናር አቢያድ" አሉ። ነጭ እሳት። "እሳት ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ ምንጣፌ ሥር አስቀምጠው ነበር?"

ማቢዮር ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዙን ትቶ እኛን አየን።

"ከእሳት ጋር መኖር አውቃለሁ። ናፍጣው እሳት ነው፣ ሞተሩ እሳት ነው፣ ሃያ ዓመት ከኋላዬ ተቀምጠው ነው የምነዳው። ያልቻልኩት ከመድኃኒት ጋር መኖር ነው። መድኃኒትን ማንም አይፈራም።"

ተነስቶ መጥረጊያውን ለማማ ሮዛ ሰጣቸው። ወለሉ ከፊት እስከ ኋላ በደረቁ ተጠረገ፣ የተጠረገው አቾል በምታውቀው መንገድ ተወገደ፣ የሁላችንም ዕቃ ተፈተሸ። ጠዋት እንሄዳለን አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ከልቤ።

ረቡዕ፤ በመንገድ ላይ

ማማ ሮዛ የበርሜሎቹ ዘበኛ ሆነዋል። ማንም አልሾማቸውም። ከፊት፣ ሸራው አጠገብ ተቀምጠው መጥረጊያውን እንደ ዱላ ይዘዋል። ጠጋ ስል፣

"አንተ አቡ ሳቡን፣ ፀጉርህን ቅባት ተቀብተሃል! ወደ ኋላ!" አሉኝ። የማቢዮር መርከበኞች ሳቁብኝ። ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ፤ በራሴ ሸቀጥ።

ረፋዱ ላይ ሰማዩ ከወደ ምሥራቅ ጠቆረ። ነፋሱ ቀድሞ መጣ፣ ሸራውን እንደ ዶሮ ክንፍ አራገበው። ማቢዮር ጀልባዋን ከፍ ያለ ዳር ጥግ ውስጥ አስገባት። ዝናቡ ሲወርድ ከመርከበኞቹ ጋር አራት ሆነን የሸራውን ጫፎች ያዝን፤ ውሃ መሃሉ ላይ እንዳይጠራቀም አቾል ከሥር በመጥረጊያ እጀታ ትገፋዋለች፣ ውሃው ደግሞ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ማማ ሮዛ በዝናቡ ላይ ተቆጡ፣ በባሪ ቋንቋ፣ ረጅም ቁጣ። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ብቻ አቆመ። ሸራው ሲነሳ ሳንቃው ላይ ያሉት በርሜሎች ደርቀው ተቀምጠዋል። እኛ ነን የበሰበስነው።

ረቡዕ አመሻሽ፤ ሚንካማን

መጀመሪያ የሚታየው ዛፉ ነው፣ ከዛፉ ሥር ሰው፣ ከሰው አጠገብ ደግሞ የጄሪካን ሰልፍ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። ገና ገመድ ሳንወረውር ተሸካሚዎች እየተንቦጫረቁ መጡ።

"ደ ሹኑ?"

አፌን ስከፍት ማማ ሮዛ ቀደሙኝ። "ናር!"

ተሸካሚዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። እነሆ፣ እውነቱን ተናገርንና የሚሸከም አጣን። ማቢዮር ወረደ፣ ጓንት አጠለቀ፣ አንዱን መርከበኛ ጠርቶ የመጀመሪያውን በርሜል ለሁለት አቅፈው፣ ቀጥ አድርገው፣ እንደ አራስ ልጅ ይዘውት ሄዱ። ሳይወረወር፣ ሳይንከባለል። ይህን አይተው ሌሎቹም አንድ በአንድ ጓንት ጠየቁ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልጣለም፤ ከጁባ የበለጠ ጊዜ ፈጀ፣ ሁሉም ግን ደህና ገባ። መጋዘኑ ጎኑ ክፍት፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። የነበረው ክሎሪን ጠዋት ተሟጦ ነበር፤ ከሰልፉ የተወሰኑት ባዶ ጄሪካን ይዘው ወደ ወንዙ መውረድ ጀምረው ነበር።

ዱቄቱ ተለክቶ ሮቶው ውስጥ ገባ። ጊዜውን ጠበቅን፣ ውሃው ተመረመረ፣ ቧንቧው ተከፈተ። ሰልፉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል፤ ጀልባዋ እሳት አምጥታ ውሃው ውስጥ ጨመረች ተብሏል።

ከሰልፉ ፊት አንዲት ቀጭን አሮጊት ቆመዋል፣ ቀሚሳቸውን የያዘች ትንሽ ልጅ ከጎናቸው። ማቢዮርን ሲያዩ አላቀፉትም። በዲንካ አንድ ነገር ጠየቁት፣ አቾል በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

"ልጄ፣ እሳት ነው ያመጣኸው ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አለ ማቢዮር።

እኔ በነገሩ ልገባ ስል አቾል ያዘችኝ። ማቢዮር ኩባያ ሞልቶ እናቱ ፊት ጠጣው፣ እስከ ታች። ደግሞ ሞላና ለልጁ ሰጣት። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፣ አፏን በክንዷ ጠረገች። ሦስተኛውን ኩባያ አሮጊቷ ራሳቸው ተቀበሉ። አሸተቱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጠጡ።

ወደ ሰልፉ ዞረው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፣ አቾልም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነገረችኝ።

"ቀዝቃዛ ነው።"

ጄሪካናቸውን በእግራቸው ወደ ቧንቧው ገፋ አደረጉት፤ ከኋላቸው ያለው ሰልፍም መራመድ ጀመረ።